በሐዋሳ የጥቅምት ምሽቶች የቆዩ አስፈሪ ፊልሞችን ለማየት የሚረዳ መመሪያ

አስፈሪ ፊልም አልወድም የሚሉ ሰዎችን ጠጋ ብሎ የጠየቀ ሰው፣ አብዛኞቹ የሚጠሉት ደሙንና ጩኸቱን እንደሆነ ይረዳል። ፍርሃቱንማ ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ ማታ ማታ ስለ ጅብ ሲተረክላቸው ጋቢ ውስጥ ተሸጉጠው ያዳመጡ፣ ፈርተውም «ድገሙልን» ያሉ ናቸው። የቆዩት የፊልም ጌቶች የያዙት መንገድ ከዚህ ተረት አነጋገር የራቀ አልነበረም። ገንዘባቸውም መሣሪያቸውም ጥቂት ስለነበረ አስፈሪውን ነገር ከማሳየት ይልቅ መደበቅን፣ ከጩኸት ይልቅ ዝምታን መረጡ፤ በእኔ እምነት ከዛሬዎቹ ብዙ ፊልሞች የሚበልጡትም በዚሁ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሐዋሳ ላይ ከጓደኞቹ ወይም ከቤተሰቡ ጋር እነዚህን ፊልሞች ለማየት ለሚፈልግ፣ ነገር ግን ከየትኛው እንደሚጀምርና ምሽቱን እንዴት እንደሚያሰናዳ ግራ ለገባው ሰው ነው።

በምዕራቡ ዓለም በጭምብልና በአስፈሪ ተረት የሚታወቀው ሃሎዊን የሚውለው ኦክቶበር 31 ነው። ይህም በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ደግሞ ጥቅምት 20 ይሆናል። መነሻው የአየርላንድና የስኮትላንድ ሰዎች መኸሩ አብቅቶ ክረምታቸው ሲገባ ያደርጉት የነበረው ልማድ ሲሆን፣ ከምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ጋር ተያይዞ ቆይቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአየርላንድ ስደተኞች ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እኛ ዘንድ በዓል አይደለም፤ በዓል ልናደርገውም አይገባንም። ወቅቱ ግን የፊልም ወዳጆች በየአገሩ የቆዩ አስፈሪ ፊልሞችን አውጥተው የሚያዩበትና የሚወያዩበት ስለሆነ አብሮ መጠቀሙ አይከፋም። ጥቅምት 21 ወርኃዊው የማርያም ቀን በመሆኑ ብዙ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች በዚያ ምሽት እንዲህ ያለ ነገር ደስ አይላቸውም፤ ስለዚህ የጥቅምትን ቅዳሜዎች መምረጥ ይሻላል። የቤቱ ባለቤቶች፣ ኦርቶዶክስም ይሁኑ ፕሮቴስታንት ወይም ሙስሊም፣ «እንዲህ ያለ ፊልም እኛ ቤት አይታይም» ካሉ መከራከር አያስፈልግም፤ ሌላ ቤት መፈለግ ነው።

ስለ ሰዓቱና ስለ ክፍሉ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ሐዋሳ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ጨለማው ሞልቷል። በዚህ ሰዓት የተጀመረ ፊልም በአብዛኛው ከ3 ሰዓት በፊት ያልቃል፤ እንግዶችም ባጃጅ ሳይጠፋ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የቆዩ ፊልሞች አጭር መሆናቸው ለዚህ ይመቻል፤ በ1931 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተሠራው ፍራንከንስታይን 70 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ፕሮጀክተር ካለ ንጹሕ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥሮ መጠቀም ይቻላል፤ ከሌለም ቴሌቪዥን ወይም ላፕቶፕ ይበቃል። ከምስሉ ትልቅነት ይልቅ የክፍሉ ጨለማና የድምፁ ጥራት ይበልጣሉ። መጋረጃው ከመንገድ መብራት ብርሃን የሚያስገባ ከሆነ ብርድ ልብስ ይደረብበት፤ ድምጽ ማጉያው ከተመልካቹ ጀርባ ሳይሆን ከምስሉ ሥር ይቀመጥ፤ ስልኮች ይዘጉ። ፊልሙን በቀጥታ ከኢንተርኔት ከማየት ቀድሞ አውርዶ በፍላሽ መያዝ፣ ላፕቶፑንም ሙሉ ቻርጅ ማድረግ ይገባል፤ መብራት በሄደበት ምሽት እንኳ ዝግጅቱ አይስተጓጎልም።

መብራት ጭራሹን ለጠፋበት ምሽትም መላ አለ። ኦርሰን ዌልስ ኦክቶበር 30 ቀን 1938 በአሜሪካ ሬዲዮ ያሰራጨው፣ ከማርስ የመጡ ፍጡራን ምድርን እንደወረሩ በዜና መልክ የሚተርክ ድራማ አለ፤ ስልክ ላይ ጭኖ ጨለማ ውስጥ ማዳመጥ ነው። በማግሥቱ ጋዜጦች አገር እንደተሸበረ ጻፉ፤ በኋላ ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ግን ወሬው እጅግ የተጋነነ እንደነበር አረጋግጠዋል።

ስለ መጠጥና ምግብ ብዙ አልልም፤ ቡና፣ ፈንዲሻና ቆሎ ከበቂ በላይ ናቸው፤ ዘመነ ጽጌን ለሚጾሙም ይስማማሉ። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለለት ብርድ ሐዋሳ ላይ እንደ ደጋው ባይበረታም፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው የማታ ነፋስ ጋቢ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ፊልሞቹ ልግባ። ብዙ ሰው በዕድሜ ቅደም ተከተል መሄድ ተገቢ ይመስለውና ድምፅ ከሌላቸው ፊልሞች ይጀምራል፤ ያልለመደ ተመልካች ግን በዚያ መንገድ ቶሎ ይሰለቻል። እኔ የምመክረው በ1942 ተሠርቶ ካት ፒፕል በተባለው ፊልም መጀመርን ነው። ፕሮዲውሰሩ ቫል ሉተን፣ ዳይሬክተሩ ዣክ ቱርነር ናቸው፤ የተሰጣቸው ገንዘብም ትንሽ ነበር። ታሪኩ ስሜቷ ሲነካ ወደ ጥቁር ግስላ እለወጣለሁ ብላ የምታምን ሴት ታሪክ ነው፤ ሰው ወደ ጅብ ይለወጣል ሲባል እየሰማ ላደገ የእኛ አገር ሰው እንግዳ አይሆንም። ፊልሙ ውስጥ አንዲት ሌላ ሴት በሌሊት የመናፈሻ አጥር ተከትላ ብቻዋን ትሄዳለች። ከኋላዋ የሴት ጫማ ተረከዝ ይሰማል፤ ቀጥሎ ዝም ይላል። ሴትዮዋ ትፈጥናለች፤ ዞር ብላ ታያለች፤ ማንም የለም። የመንገድ መብራት፣ ጥላ፣ እንደገና ጥላ ነው። በመጨረሻ ተመልካቹ የአውሬ ጩኸት ሲጠብቅ ከምስሉ ጠርዝ በኩል ድንገት «ፍሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አውቶቡስ ፍሬን ይዞ ሲቆም ነው። አውሬ አልታየም፤ ደምም አልፈሰሰም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ እጅግ ብዙ አስፈሪ ፊልሞች ይህችን ዘዴ ገልብጠዋታል፤ የመጀመሪያውን ያየ ሰው ተከታዮቹን ሁሉ ያውቃቸዋል። ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ ፊልሙን መልሶ እንደገና ማሳየትና ምን እንደተደበቀ ከጓደኞች ጋር መነጋገር ለቀሪዎቹ ምሽቶች ዓይን ይከፍታል።

በሁለተኛው ምሽት ኖስፌራቱ ይታይ። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሙርናው በ1922 የሠራው ይህ ፊልም ደም ስለሚመጥ ጭራቅ የሚተርከውን የብራም ስቶከርን የ1897 ልብ ወለድ ድራኩላን ያለ ፈቃድ ወስዶ፣ የሰዎቹን ስም ብቻ ቀይሮ የቀረበ ነው። የደራሲው ባለቤት ፍሎረንስ ስቶከር ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱም በ1925 ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲጠፉ አዘዘ። ሆኖም አስቀድመው ወደ ሌሎች አገሮች የተላኩ ቅጂዎች ተርፈው ዛሬ እጃችን ላይ ደርሰዋል። ድራኩላ በፀሐይ ብርሃን ይሞታል የሚለውን ብዙ ሰው ከልብ ወለዱ የመጣ ይመስለዋል፤ በስቶከር መጽሐፍ ውስጥ ግን ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል፤ በብርሃን መጥፋቱን የፈጠረው ይህ ፊልም ነው። በፊልሙ የድራኩላን ቦታ የያዘው፣ ማክስ ሽሬክ የተጫወተው ካውንት ኦርሎክ ደረጃ ሲወጣ የሚታየው ጥላው ብቻ ነው፤ የጎበጠ ጀርባ፣ ረጃጅም ጣቶች፣ ወደ በር የሚዘረጋ እጅ ግድግዳው ላይ ሲያልፉ ያየ ሰው ሰውዬውን ራሱን ማየት አያምረውም።

ቅጂ ሲመረጥ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ሙርናው የሌሊት ትዕይንቶቹን የቀረጸው በቀን ሲሆን፣ ፊልሙን ሰማያዊ ቀለም በማስነከር ሌሊት አስመስሎታል። ቀለሙ የጠፋበት ርካሽ ቅጂ ላይ ግን ኦርሎክ በጠራራ ፀሐይ የሬሳ ሣጥን ተሸክሞ ሲሄድ ይታይና ትርጉሙ ይበላሻል። ስለዚህ ከማውረድ በፊት ጥቂት ደቂቃ ከፍቶ ማየትና ሰማያዊና ቢጫ ቀለም ያለውን የታደሰ ቅጂ መምረጥ ይገባል።

ድምፅ የሌለው ፊልም በመሆኑ በየመሐሉ ጽሑፍ ይወጣል። ሐዋሳን ጨምሮ በየከተማው በነበሩ ቪዲዮ ቤቶች ፊልም በአማርኛ እየተተረከ ያየ ሰው መፍትሔውን ያውቀዋል፤ ከጓደኞች መካከል ጥሩ ድምፅ ያለው አንድ ሰው ጽሑፎቹን ቀደም ብሎ በአማርኛ ጽፎ ይያዝና በየቦታው ያንብብ። ጃፓኖችም ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን ከስክሪኑ አጠገብ ቆሞ የሚተርክ ባለሙያ ነበራቸው፤ ከተዋናዮቹ በላይ ዝነኛ የሆኑ ተራኪዎችም ነበሩ። አንባቢው ረጋ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ያንብብ፤ ቀልድ አይጨምር። አንድ ጊዜ ከተሳቀ ፍርሃቱ ተመልሶ አይመጣም።

ኖስፌራቱን የወደደ ሰው ከእርሱ ቀድሞ በ1920 የወጣውን፣ ሮበርት ቪነ የሠራውን ዘ ካቢኔት ኦፍ ዶክተር ካሊጋሪን ቢያይ ያተርፋል። ቤቶቹም መንገዶቹም ሸራ ላይ የተሳሉ፣ የተጣመሙ ናቸው፤ ጥላው እንኳ በብዙ ቦታ በቀለም የተሳለ ነው።

ሐዋሳ ያለ ሰው ለፍራንከንስታይን ከማንም በላይ የተመቸ ቦታ አለው፤ ታሪኩ የተጸነሰው ሐይቅ ዳር ነውና። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ አመድ ሰማዩን ሸፍኖት ስለነበር በ1816 አውሮፓ ውስጥ በጋ ሳይሆን ቀረ። በዚያ ዝናባማ ወቅት በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ቤት ውስጥ የተዘጉ ጥቂት ወጣቶች እያንዳንዳቸው አስፈሪ ታሪክ ሊጽፉ ተስማሙ፤ የ18 ዓመቷ ሜሪ ሼሊ የጀመረችው ታሪክ በ1818 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር፣ ወይም አባ ኮዳ የተባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሚንጎራደዱበት በአሞራ ገደል አካባቢ ተቀምጦ ከመጽሐፉ ጥቂት ገጾች ማንበብ፣ ከዚያም ማታ በ1931 ጄምስ ዌል የሠራውን ፊልም ማየት ጥሩ ቀን ይሆናል። ቦሪስ ካርሎፍ የተጫወተውን፣ በታሪኩ አንድ ሳይንቲስት ከሬሳ ክፍሎች ገጣጥሞ ሕይወት የሰጠውን ፍጡር መልክ የሠራው ጃክ ፒርስ ነው፤ በየቀኑ ሰዓታት ይወስድበት ነበር። በተለይ ፍጡሩ ሐይቅ ዳር ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ተቀምጦ አበባ ውኃ ላይ የሚጥልበትን ትዕይንት ልብ ማለት ያስፈልጋል። የትዕይንቱ መጨረሻ ለረጅም ዘመን በሳንሱር ተቆርጦ ኖሮ በ1980ዎቹ ተመልሷል፤ የተቆረጠው ቅጂ ፍጡሩን ካደረገው የከፋ ነገር እንዳደረገ ያስመስላል፤ ስለዚህ ሙሉው ቅጂ ይፈለግ።

በዚሁ ፊልም ማብቂያ ላይ ችቦ የያዘ ሕዝብ ፍጡሩን ያሳድዳል። እዚህ ላይ የራሳችንን ተረቶች ማንሳት ተገቢ ነው። ከፊልሙ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ከአያቶቹ የሰማውን አንድ አስፈሪ ታሪክ ቢያወራ፣ «ተረት ተረት» ተብሎ «የላም በረት» ተመልሶ፣ ምሽቱ ይሞቃል። ነገር ግን ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል እያሉ አንድን ቤተሰብ ወይም ወገን በስም ጠርቶ ማውራት ፈጽሞ አይገባም። በአገራችን በዚህ ስም ሲጠሩ የኖሩት ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀጥቃጮችና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች ናቸው፤ ከጋብቻ ተገለዋል፣ ከጉርብትና ተገለዋል፣ ተደብድበዋልም። ጭራቁ በተረቱ ውስጥ ይቆይ፤ ጎረቤት ላይ አይለጠፍ።

ሳይኮ ለብቻው ምሽት ይገባዋል። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 የሠራው ለዚያን ጊዜው ሆሊውድ ትንሽ በሚባል 800 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በቴሌቪዥን ባልደረቦቹ፣ በጥቁርና ነጭ ነበር። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው ሲኒማ ቤት እንዳይገባ ማዘዙ የታወቀ ነው፤ እኛም ይህንኑ እናድርግ፤ 1 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋ፣ የዘገየ ሰው ሳሎን ውስጥ ቡና እየጠጣ ይጠብቅ። በገላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለውን ትዕይንት ለመቅረጽ አንድ ሳምንት ፈጅቷል፤ ግድያው በፊልሙ ላይ የሚታየው ግን ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ሂችኮክ መጀመሪያ ያሰበው ትዕይንቱ ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ነበር፤ አቀናባሪው በርናርድ ሄርማን ግን በክር መሣሪያዎች ብቻ የሚጮህ ሙዚቃ ጽፎ አሰማው፤ ሂችኮክም ሐሳቡን ቀየረ። ማን ትክክል እንደነበር ለማወቅ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ትዕይንቱን አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ፣ አንድ ጊዜ ከድምፁ ጋር ማየት ነው። ፍርሃት ምን ያህል በጆሮ እንደሚገባ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

በሳይኮ ውስጥ የተጫወተችው የጃኔት ሊ ልጅ ጄሚ ሊ ከርቲስ በ1978 ጆን ካርፔንተር በሠራው ሃሎዊን ላይ ዋና ተዋናይት ናት፤ ሁለቱን በተከታታይ ሳምንት ማየት ስለዚህ ደስ ይላል። ሃሎዊን የወጣበት ገንዘብ ከ300 ሺህ ዶላር ብዙም አይበልጥም። ታሪኩ ቅጠል በሚረግፍበት በጥቅምት የሚሆን ቢሆንም የተቀረጸው በካሊፎርኒያ የጸደይ ወራት ስለነበር የደረቁ ቅጠሎች በቀለም ተሠርተው እየተለቀሙ እንደገና ይበተኑ ነበር። የገዳዩ ጭምብል ከገበያ የተገዛ ርካሽ፣ ስታር ትሬክ በተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ውስጥ ያለው የካፒቴን ከርክ ጭምብል ነው፤ ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ የዓይኑ ቀዳዳ ሰፍቶ ምንም ስሜት የሌለበት ፊት ሆነ። ሙዚቃውን የደረሰው ካርፔንተር ራሱ ነው፤ አምስት ምት ያለው ስልቱ ጆሮ የሚጠብቀው ቦታ ላይ ስለማያርፍ ሰውን ያቁነጠንጣል።

ሕጋዊ ሆኖ በነፃ የሚገኘው ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ ነው። ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 ፒትስበርግ አካባቢ የሠራው ይህ ፊልም ርዕሱ በመጨረሻ ሰዓት ሲቀየር የቅጂ መብት ማስታወቂያው ከፊልሙ ላይ ተዘንግቶ ቀረ፤ በዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሕግ መሠረትም የሕዝብ ንብረት ሆነ። ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ከኖስፌራቱ ጋር አብሮ ይገኛል። ዋናው ተዋናይ ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት አንድ ጥቁር ሰው በነጮች መካከል ትእዛዝ ሰጪ ሆኖ መታየቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ከውጭ ከሞት የተነሡ ሬሳዎች ሰዎቹ የተሸሸጉበትን ቤት ከበዋል፤ ውስጥ ያሉት ደግሞ ምድር ቤት እንግባ አንግባ እያሉ ይጣላሉ። መጨረሻውን ቀድሞ መንገር ነውር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሳይታዩ ግን ማንም ሰው ተነሥቶ እንዳይሄድ።

ዲ ኤግዞርሲስትን በተመለከተ ምክሬ ጥንቃቄ ነው። በ1973 ዊልያም ፍሪድኪን የሠራው፣ ርኩስ መንፈስ ስላደረባት ልጅ የሚተርከው ይህ ፊልም ታላቅ ነው፤ ሁለት ኦስካርም አግኝቷል። ነገር ግን ከመካከላችን ዘመዱን ጠበል ወስዶ ያስታመመ ወይም ጸሎት ያስደረገለት ሰው ሊኖር ይችላል፤ ለእርሱ ይህ ጨዋታ አይደለም። ተሰብሳቢው ሁሉ ሳይስማማ አይከፈት።

ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባሉበት ቤት ከእነዚህ ፊልሞች አንዱም አይታይ። ለእነርሱ በ1993 ሄንሪ ሴሊክ የሠራው ዘ ናይትሜር ቢፎር ክሪስማስ አለ፤ አሻንጉሊቶቹ በእያንዳንዱ ፍሬም በእጅ እየተንቀሳቀሱ የተቀረጹ ናቸው። የማይክል ጃክሰን ትሪለርም ለታዳጊዎች ይሆናል። በ1983 ጆን ላንዲስ የሠራው ይህ 14 ደቂቃ ገደማ የሚረዝም ቪዲዮ የአስፈሪ ፊልሞችን ወግ ሁሉ አሳጥሮ ይዟል፤ በውስጡ የሚሰማው ጎርናና ድምፅ የቪንሰንት ፕራይስ ነው። ፕራይስን በደንብ ለማወቅ በ1959 የወጣውን ሃውስ ኦን ሆንትድ ሂል ማየት ነው። ዳይሬክተሩ ዊልያም ካስል በሲኒማ ቤቶች ውስጥ አንድ አጽም በሽቦ ከተመልካች ራስ በላይ ያስበርር ነበር፤ ከካርቶን አጽም ቆርጦ፣ ክር ስቦ ይህን ሳሎን ውስጥ መሥራት ለልጆች ትልቅ ደስታ ነው።

በሃሎዊን ልማድ ዱባ ፈልፍሎ ፊት ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ገበያ ከሚገኘው ዱባ ትንሹንና ክቡን ይምረጥ፤ የእኛ ዱባ ልጣጩ ጠንካራ ስለሆነ ቀዳዳውን ትልቅ ሰው በስለታም ቢላዋ ይቁረጠው። ሥጋው ለዱባ ወጥ፣ ፍሬው ታጥቦ ተቆልቶ ለቀጣዩ ቅዳሜ ይሁን። አየርላንዶች ዱባ ሳያውቁ የሚቀርጹት እንደ ቀይ ሥር ያለ የሥር አትክልት ነበር፤ ስለዚህ ዱባ ካልተገኘ ሌላው ያገለግላል። ከውስጡ በሻማ ፋንታ ትንሽ የባትሪ መብራት ይደረግ፤ በብርድ ልብስ የተሸፈነ መጋረጃ ባለበት ክፍል እሳት አደጋ ነው። ልብስና ጭምብል ቤት ውስጥ ይቅር፤ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሬሳ መምሰል ቅርብ ጊዜ ሐዘን ላይ የተቀመጠን ሰው ያቆስላል፤ ተሸፋፍኖ በሌሊት መንገድ መውጣትም ሰው ያስደነግጣል፣ አደጋም ያመጣል።

እነዚህን ያየ ሰው ወደ አዳዲሶቹ ሲመጣ ዓይኑ ሌላ ነው። በ1998 ከጃፓን የወጣው ሪንጉ እንደ ሉተን ፊልሞች ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በመጨረሻው ግን ይክሳል። ጆርዳን ፒል በ2017 የሠራው ጌት አውት ደግሞ ከናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ቢታይ ጥሩ ነው፤ የምርጥ ወጥ ድርሰት ኦስካርን ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥቁር ጸሐፊ ያስገኘው ይኸው ፊልም ነው፤ በመክፈቻው የሚሰማው መዝሙርም በስዋሂሊ ይዘፈናል። ስዋሂሊ የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ዘፈኑ የሚለውን ፊልሙ ካለቀ በኋላ እንዲተረጉም ይጠየቅ፤ ቀድሞ ከተነገረ ታሪኩን ያጋልጣል።